ናርቫርቴ ውስጥ ቤት የተከራየሁት እንዲህ ነው

ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ቤት ስፈልግ ሰው ሁሉ የሚጠራልኝ ሮማና ኮንዴሳ የሚባሉትን ሰፈሮች ነበር። ያምራሉ፤ ኪራያቸው ግን አይቀመስም። እኔ ቪያዱክቶ የሚባለውን ፈጣን መንገድ ወደ ደቡብ ተሻግሬ ናርቫርቴ ገባሁ። ለመሃል ከተማ ቅርብ ነው፤ ግን አሁንም ጎረቤት ከጎረቤት ሰላም የሚባባልበት ሰፈር ነው።

አንድ ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። እዚያ በሜትሮ መስመር 3 ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን አገራችንን ስትይዝ ወረራውን ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ናት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. ሲጎበኟት እዚህ የነበረው አደባባይ በእኛ ስም ተሰየመ። አዲስ አበባ «ሜክሲኮ ጋ ወራጅ አለ» እያልኩ ላደግኩት ለእኔ፣ ሜክሲኮ ውስጥ «ኢትዮጵያ» ላይ መውረድ ትልቅ ነገር ነው። አሁንም ባለፍኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ቤቱን ያገኘሁት በእግሬ ነው። ብዙ አከራዮች፣ በተለይ አዛውንቶቹ፣ ኢንተርኔት ላይ አያወጡም። «ሴ ሬንታ» (የሚከራይ) የሚል ወረቀት በር ላይ ይለጥፋሉ፣ ስልክ ይጽፋሉ፣ በቃ። ኡሽማል፣ ፓሌንኬ፣ ሚትላ የሚባሉትን ጎዳናዎች ከላይ እስከ ታች ዞርኩ። የሕንፃ ጠባቂዎችን አናገርኩ። የትኛው ቤት ሊለቀቅ እንደሆነ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ትልቁ ፈተና ዋስ ነው። «አቫል» ይሉታል፤ በከተማው በስሙ ቤት ያለው ሰው መሆን አለበት። ለመጤ ይህ ከየት ይመጣል? መፍትሔው «ፖሊሳ ሁሪዲካ» ነው። የሕግ ቢሮ ገቢህንና ማንነትህን ያጣራል፣ ለአከራዩም ዋስትና ይሰጣል። ክፍያውን አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ይችላል። ስለዚህ ቤት ለማየት ከመሄዴ በፊት «ፖሊሳ ትቀበላላችሁ?» ብዬ በስልክ እጠይቅ ነበር። ብዙ ልፋት ቀንሶልኛል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ከተማዋ የተሠራችው በአብዛኛው በደረቀ ሐይቅ ላይ ነው፤ አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ንዝረቱን ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1985 እና ልክ በዚያው ቀን በ2017 የደረሰውን እዚህ ማንም አይረሳም። በ2017 ናርቫርቴም ሕንፃ ተደርምሶበታል። እናም ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ሳልጠይቅ አንድም ቤት አላየሁም። ምድር ቤቱ ሙሉ በሙሉ መኪና ማቆሚያ ሆኖ በቀጫጭን ዓምዶች ብቻ የቆመውን ሕንፃ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ትቼው ወጣሁ። ግድግዳ ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ካለም እንደዚያው። በመጨረሻ ዝቅ ያለ፣ ባለሦስት ፎቅ ሕንፃ ወሰድኩ።

ውሃውንም ጠይቁ፦ ጣራ ላይ ታንከር፣ ምድር ውስጥ ደግሞ ማጠራቀሚያ መኖሩን። የሚጠጣው ውሃ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን በር ድረስ ይመጣል።

ኑሮው ሞቅ ያለ ነው። ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ አሮጌ ብረት እንገዛለን የሚል የአንዲት ሕፃን ድምፅ ከመኪና ላይ በቴፕ ይለፈፋል፤ የእኛው ቆራሌው ማለት ነው። የቆሻሻ መኪና ሲመጣ ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ፌስታሉን ይዞ ይወጣል። ማታ ደግሞ ኤል ቪልሲቶ አለ። ቀን ጋራዥ ነው፣ ሲመሽ ታኮ (በቂጣ የሚጠቀለል የሜክሲኮ ምግብ) ቤት ይሆናል። በአናናስ የሚቀርበውን የአሳማ ሥጋ ታኮ የሚበላ ሰው እዚያ ይሰለፋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሮማና ኮንዴሳ የተወደዱበት ሰው ወደዚህ እየፈለሰ ነው፤ እኔም ከመጤዎቹ አንዱ ነኝ። ነባሮቹ እንዲገፉ ስለማልፈልግ የተጠየቅኩትን ሁሉ ዝም ብዬ አልከፈልኩም። የከተማዋ ምክር ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የኪራይ ጭማሪ ካለፈው ዓመት የዋጋ ንረት መብለጥ የለበትም። የቀረበልኝ ውል ላይ ግን በየዓመቱ 10 በመቶ የሚል ነበር። ሕጉን ጠቅሼ ነገርኳቸው፤ አንቀጹን ቀይረው ካመጡልኝ በኋላ ፈረምኩ።