በእጅ የተጻፈች ሰረዝ

የዓመቱ ሪፖርት በሚቀርብበት ዕለት ጠዋት አመራሩ የስላይዶቹ መደብ ከነጭ ወደ ጥቁር ሰማያዊ እንዲለወጥ አዘዘ። የአዳራሹ ስክሪን ትልቅ ስለሆነ ነጭ ሲሞላው ዓይን ይወጋል፤ ትእዛዙ የሚነቀፍ አልነበረም። የየክፍሉን ስላይዶች በአንድ ፋይል ያቀናጀው ባልደረባችን ፓወርፖይንት ውስጥ ካሉት የመደብ ዓይነቶች ጥቁሩን መረጠ፤ የመጀመሪያዎቹን ገጾች አገላብጦ አየ፤ ወደደው፤ ፋይሉን ይዞ ወደ አዳራሹ ገባ።

የዕቅድ ክፍሉ ገጾች በነጭ ፊደል ፍንትው ብለው ታዩ። የፋይናንስ ኃላፊው ተራ ሲደርስ ግን ስክሪኑ ላይ ከርዕሱና ከጥቂት ቀይ አኃዞች በቀር ምንም አልነበረም። ቀዮቹ አኃዞች ደግሞ ከዕቅድ በታች የሆኑት ናቸው፤ ተለይተው እንዲታዩ ተብሎ የቀሉ። ስኬቱ ሁሉ ጨለማ ውጦት ለታዳሚው የቀረው ጉድለቱ ብቻ ሆነ። ኃላፊው ልምድ ያላቸው ሰው ናቸውና ወረቀታቸውን አውጥተው እያነበቡ ጨረሱት። ከኋላ ወንበሮች ግን ሳቅ መሰማቱ አልቀረም።

ከሰዓት በኋላ ጥፋተኛ ፍለጋ ተጀመረ። ስላይዶቹን የጻፈችው የክፍሉ ጸሐፊ ነበረችና ጣት ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። «ቴምፕሌት (ገጽታው አስቀድሞ የተዘጋጀ የስላይድ ቅጽ) ተሰጥቷታል፤ አልተጠቀመችበትም» ተባለ። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር የሚጠራ አንድ ሰው አይጠፋም፤ በእኛ ዘንድ እርሱ እኔ ነኝ፤ ፋይሉን እንዳየው ተላከልኝ።

ቀድሜ የከፈትኩት አውትላይን የሚባለውን እይታ ነው። ይህ እይታ የስላይዶቹን ጽሑፍ ከሥዕልና ከጌጥ አራቁቶ በዝርዝር ያሳያል፤ የሚያሳየው ግን ቴምፕሌቱ ባዘጋጀው የጽሑፍ ቦታ፣ ማለትም በፕሌስሆልደር ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ሰው በራሱ እጅ የሣለው የጽሑፍ ሳጥን፣ ቴክስት ቦክስ፣ እዚያ አይታይም። የዕቅድ ክፍሉ ጽሑፍ ከነደረጃው ተዘርዝሮ ተገኘ። የፋይናንሱ ግን ርዕስ ብቻ ነው፤ ከርዕሱ በታች ባዶ። ጽሑፉ በሙሉ ተለይተው በተሣሉ ሳጥኖች ውስጥ ነበር፤ ቀለሙም ከመደበኛ ቀለሞች ተርታ የተመረጠ ጥቁር ሰማያዊ። ፓወርፖይንት ላይ ከገጽታው፣ ከቲም ቀለሞች መካከል ለጽሑፍ የተመደበው ቀለም መደቡ ሲጠቁር አብሮ ይነጣል። ከመደበኛዎቹ ተርታ የተወሰደው ግን እንደተቀባ ይቀራል። ጥቁር ሰማያዊ በጥቁር ሰማያዊ ላይ፤ የአዳራሹ ምሥጢር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆሜ «አዎ፣ ጸሐፊዋ ናት» ብዬ መጻፍ እችል ነበር። ያላስቻለኝ ሰረዙ ነው። በእያንዳንዱ ንዑስ ነጥብ መጀመሪያ ላይ በእጅ የተጻፈች ሰረዝ አለች፤ ከፊቷም እየተቆጠሩ የገቡ ባዶ ቦታዎች፤ መስመሩ ሲረዝምና ሁለተኛው ረድፍ ከሰረዙ ሥር ሲገባ ደግሞ እንደገና ባዶ ቦታ። ይህ የሰነፍ ሥራ አይደለም። ነጥብን ወደ ንዑስ ነጥብ የሚያወርደውን ታብ የሚባል ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን እየተቻለ ሰው ለምን ይህን ሁሉ ይደክማል? ሄጄ ጠየቅኋት።

«ና፣ አንተው ራስህ ሞክረው» አለችና ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ባዶውን ቴምፕሌት ከፍቼ አንድ ነጥብ ጻፍኩ፣ ኢንተር፣ ታብ፣ ከዚያ ንዑሱን ነጥብ። ንዑሱ ከዋናው ገዝፎ ወጣ!

ምክንያቱ ቀላል ነው። በፓወርፖይንት መነሻ ገጽታ ላይ ከዋናው ነጥብ ወደ ንዑሶቹ የሚወርዱት አምስት የጽሑፍ ደረጃዎች የፊደል መጠን 28፣ 24፣ 20፣ 18፣ 18 ነው። ቴምፕሌቱን የሠራልን ድርጅት የመጀመሪያውን ደረጃ ወደ 20 ዝቅ አድርጎ ሌሎቹን ሳይነካ ትቷቸዋል፤ ስለዚህ ልጁ ከአባቱ በ4 ይበልጣል። ሁለት ዓምድ ባለው ገጽ ላይ ደግሞ የባሰ ነበር፤ «ጽሑፍ እዚህ ይግባ» የሚለው ሳጥን በማስተሩ ላይ፣ ማለትም የስላይዶቹ ሁሉ ገጽታ በሚወሰንበት ናሙና ላይ፣ እንዲያው የተሣለ እንጂ ፕሌስሆልደር አልነበረም። እንዲህ ያለው ነገር ስላይዱ ላይ እንደ መደብ ሥዕል ነው፤ ቢጫኑት አይነካም፣ ቢጽፉበት አይጻፍም። ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? የራሷን ሳጥን በላዩ ሣለች። ቴምፕሌቱን አልተጠቀመችበትም መባሉ እውነት ነው፤ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም። በእጅ የተጻፈ ሰረዝ ባየሁ ቁጥር ከጸሐፊው በፊት ቴምፕሌቱን የምጠረጥረው ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ጥገናውን አብረን ሠራነው። መጀመሪያ ስላይድ ማስተር። ከፍተን ስናየው አንድ ሳይሆን ብዙ ማስተር ተደርድሮ አገኘን፤ ከሌላ ፋይል ስላይድ ሲቀዳ «የምንጩ ገጽታ ይጠበቅ» ከተባለ የዚያኛው ማስተርም ተከትሎ ይገባል። በትርፎቹ ማስተሮች ሥር ያሉትን ስላይዶች ወደ ዋናው አዛውረን ትርፎቹን ማስተሮች ሰረዝናቸው። አምስቱንም ደረጃዎች ከላይ ወደ ታች በሚያንስ መጠን አስተካከልን። ገብ ማለታቸውን ከስላይዱ በላይ ባለው ማስመሪያ፣ በሩለሩ ላይ ባሉት ሁለት ምልክቶች አበጀነው፤ የላይኛው የነጥቡ ምልክት የሚቆምበትን ይወስናል፣ የታችኛው ጽሑፉና ቀጣዮቹ ረድፎች የሚጀምሩበትን። ባዶ ቦታ ሲቆጠር የተዋለው ሥራ ሁሉ የሁለተኛው ምልክት ሥራ ነበር። የነጥቡንም ቀለም እዚያው ወሰንን፤ ካልተወሰነለት ነጥብ የመጀመሪያውን ፊደል ቀለም ይከተላልና፣ ዓረፍተ ነገሩ በቀይ ቃል ከጀመረ ነጥቡም ይቀላል። የተሣሉትን ሳጥኖች አጥፍተን በምትካቸው እውነተኛ ፕሌስሆልደር አስገባን።

ከዚያ ጽሑፉን ከየሳጥኑ እየቆረጥን ያለ ቅርጽ፣ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ እንዲገባ ለጠፍነው። ሰረዞቹን በእጅ መልቀም ግድ ነው። ሪሴት የሚለው ትእዛዝ የፕሌስሆልደሩን ቦታና የጽሑፉን ገጽታ ወደ ማስተሩ ይመልሳል እንጂ እንደ ፊደል የተጻፈን ሰረዝ ከጽሑፉ ለይቶ አያውቅም፤ በእጅ የተሣሉ ሳጥኖችንም አይነካም። ጸሐፊዋ በዚህ መካከል በጣም የወደደችው ሺፍትን ይዞ ኢንተር መጫንን ነው፤ መስመር ይወርዳል፣ አዲስ ነጥብ ግን አይወጣም። ስንት ነጥብ በእጄ አጥፍቼ ይሆን ብላ ሳቀች።

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። ጽሑፍ ሲበዛ ፓወርፖይንት በራሱ እያሳነሰ በሳጥኑ ውስጥ እንዲያበቃው የሚያደርገውን ቅንብር እርሷ ትፈልገዋለች፤ እኔ አልወደውም። አንዱ ገጽ በ20፣ ቀጣዩ በ14 ሲወጣ ተመልካቹ ትንሹ ያነሰ ቁም ነገር ይመስለዋል። እርሷ ደግሞ «ኃላፊዎቹ በመጨረሻው ሰዓት አንቀጽ ጨምሪ ሲሉኝ አንተ የለህም» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ቅንብሩ እንዳለ ቀረ።

ግኝቱን ለኃላፊው ሳቀርብ ለሠራተኛው ሁሉ ሥልጠና ይሰጥ አሉ። ሥልጠናው ጥሩ ነው አልኳቸው፤ ግን በተበላሸው ቴምፕሌት ላይ ከሆነ ሰረዝን በፍጥነት መጻፍ ነው የምናስተምረው። ማስተሩ ላይ ያለውን ልዩነት ጎን ለጎን ሳሳያቸው ጥቂት ዝም አሉና ደብዳቤው ለሠሪው ድርጅት እንዲጻፍ አደረጉ። ጸሐፊዋንም ጠርተው አነጋገሯት፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም።

አሁን አዲስ ቴምፕሌት ሲመጣ የሚፈትነው እርሷ ናት። በእያንዳንዱ የገጽ ዓይነት ላይ አምስቱንም ደረጃ በታብ ትወርዳለች፣ ረጅም መስመር ጽፋ ሁለተኛው ረድፍ የት እንደሚያርፍ ታያለች፣ መደቡን አጥቁራ ትመልሳለች፣ በመጨረሻም አውትላይን ትከፍታለች። በቅርቡ የመጣው አራተኛው ደረጃ ላይ ነጥብ አልባ ሆኖ ስለተገኘ ተመልሶ ሄዷል።