ቡናውን ሁሌ የማፈላው እኔ ነበርኩ

ለንደን ውስጥ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር 9 ዓመት ሰራሁ፣ አዲስ ለሚገቡ ረዳት መምህራን ስልጠና የምሰጠውም እኔ ነኝ፣ አምና ነው እንግዲህ በ43 ዓመቴ ራሴ ኦቲስቲክ እንደሆንኩ የተነገረኝ። ሰው ሁሉ "እንዴት አንቺ እስካሁን ሳታውቂ?" ይለኛል።

ስልጠናው ላይ የማሳየው ስላይድ "ሰው አይን አያይም፣ ብቻውን ይጫወታል፣ መኪና ይደረድራል" ይላል። ሁሉም ስለ ወንድ ነው። ሀኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ካነሳቸው 11 ልጆች 8ቱ ወንዶች ነበሩ፣ በዓመቱ ሌላው ሀኪም ሃንስ አስፐርገር ያነሳቸው ደግሞ 4ቱም ወንዶች። መመዘኛው በወንድ ልጅ ልክ ተሰፋ፣ በዛው ሲለካ ወንድ ተገኘ፣ ከዛ "የወንዶች ነገር ነው" ተባለ።

እኔ ያደኩት ደሴ ነው። እዛ ሴት ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አይኗን ሰበር ካደረገች ጨዋ ትባላለች እንጂ ማን ሀኪም ጋ ይወስዳታል? ሰላምታውም ቢሆን ደህና ነሽ፣ እናትሽስ፣ ሰፈሩስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያልሽ መመለስ ነው፣ ልክ እንደ ዳዊት በቃሌ ነው የያዝኩት። እንግዳ ሲመጣ ቡናውን የማፈላው ሁሌ እኔ ነኝ፣ እማዬ "ባለሙያ ልጅ" እያለች ትኮራብኝ ነበር፣ ግን ረከቦቱ ጋ ከተቀመጥኩ ማውራት አይጠበቅብኝም፣ እጄ ስራ አለው፣ አቦል ቶና በረካ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እንግዶቹ ሲወጡ ጓዳ ገብቼ በጨለማ እተኛለሁ፣ ራሴን አመመኝ ብዬ። ማስኪንግ፣ ማለትም ኦቲዝምን ደብቆ እንደ ሌላው ሰው መምሰል፣ የሚሉት ይሄንን ነው።

እ.ኤ.አ በ2016 እዚሁ እንግሊዝ አገር ኦቲስቲክ መሆናቸውን ዘግይተው ያወቁ 14 ሴቶችን ያናገረ ጥናት ወጥቶ ነበር፣ ከአጥኚዎቹ አንዷ ሮቢን ስቲዋርድ ራሷ ኦቲስቲክ ናት። እሱን ሳነብ አለቀስኩ። ሴቶቹ ሰው መምሰል እንዴት እንደሚያደክም ነው የሚያወሩት፣ እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ስላይድ ሳሳይ ስለ ድካም አንዴም ተናግሬ አላውቅም።

አንዷ ባልደረባዬ "ታዲያ አሁን ማሰልጠን ትችያለሽ?" አለችኝ፣ ክፋት የላትም፣ ግን በጣም አመመኝ። አሁን ነው እንጂ የምችለው!

ክፍላችን ውስጥ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ አለች፣ ሁሉም "እሷ ምንም የላትም፣ አጋዥ ናት" ይላል፣ እረፍት ሲደርስ እርሳስ ሰብስባ በቀለም በቀለም ትለያለች፣ ሌሎቹ ውጪ ሲጫወቱ። ማክሰኞ እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ ቤት ስትገባ ምን እንደምትሆን ጠየኳት። ዝም ብላ አየችኝና "ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ አልጋ ስር ነው የምትገባው፣ ማን ነገረሽ?" አለችኝ።