ራቸል ካርሰንን በአማርኛ ማስታወስ

በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐበሻ ያልደረሰበት ጥግ የለም። አሜሪካዊቷ የሥነ ሕይወት ተመራማሪና ደራሲ ራቸል ካርሰን እንደ ዲዲቲ ያሉ ፀረ-ተባይ መርዞች የሚያደርሱትን ጉዳት ያሳየችበትን መጽሐፍ፣ «ሳይለንት ስፕሪንግ»ን፣ እዚሁ ከተማ፣ በርዊክ መንገድ ላይ ባለ የጡብ ቤት ውስጥ እንደጻፈች የሚያውቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እሷ በ1964 አረፈች። በዓመቱ ወዳጆቿ ሥራዋን የሚያስቀጥል ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1991 ደግሞ ቤቷ በብሔራዊ ቅርስነት ተመዘገበ።

የኛም ሰው እንዲያውቃት ስለፈለግሁ የእሑድ የእግር ጉዞ አዘጋጀሁ። ቤቷ ደጅ መሰብሰብ አይሆንም፤ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። በስሟ የተሰየመ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፓርክ አለ። እዚያ ሃውሊንግስ ወንዝ አጠገብ እየሄድን፣ አረፍ ባልን ቁጥር ከመጽሐፉ ጥቂት በአማርኛ እነግራቸዋለሁ።

«ተፈጥሮን እንጠብቅ» እያልኩ ብጠራ ማንም አይመጣም ነበር። «ስለ ዲዲቲ እናውራ» አልኩ። ዲዲቲን የማያውቅ ማን አለ?

የሮቢን ወፎችን ታሪክ አስቀደምኩ። የኤልም ዛፎችን ከበሽታ ለማዳን ዲዲቲ ተረጨ። መርዙ ቅጠሉ ላይ ቀረ። የረገፈውን ቅጠል የምድር ትሎች በሉት፤ በጸደይ የመጡት ወፎች ደግሞ ትሎቹን በልተው አለቁ። ልጆቹ ወዲያው ጎንበስ ብለው ቅጠል መገልበጥ ጀመሩ።

አንዲት እናት ግን ዝም አላሉም። «ልጄ፣ እኛን እኮ ዲዲቲ ነው ያተረፈን። ወባ ቤት ሲዘጋ አይተሻል?» እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለው ቃል ሲመጣ መሸፋፈን አይገባም። ካርሰንም ፀረ-ተባይ መድኃኒት ጨርሶ አይነካ አላለችም። ያለ ልክ ሲረጭ ትንኞቹ ራሳቸው ይለምዱታል፣ ያኔ ለወባም አይሆንም ነው ያለችው። አሜሪካ በ1972 ለእርሻ ከለከለችው፤ መርዛማ ኬሚካሎችን የሚገድበው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ግን ለወባ መከላከያ ዛሬም በገደብ ይፈቅደዋል። ይህን ስናወራ አንድ አባት፣ ለወባ ቤት ውስጥ እንዲረጭ የመጣ ዲዲቲ በነሱ ሰፈር ጫት ላይ ይረጭ እንደነበር ነገሩን። ከዚያ በኋላ እኔ አዳማጭ ሆንኩ።

ሌላ ከተማ ይህን መጀመር ለምትፈልጉ፦ ትልልቆቹን አስቀድማችሁ ጋብዙ፣ ንባቡን አሳጥሩ፣ ልጆቹን ፊት ፊት አስኬዱ። ጸደይ ላይ፣ በጠዋቱ ውጡ፤ ወፍ የሚሰማው ያኔ ነው። እኛ አሁን የትልልቆቹን ትዝታ በፈቃዳቸው እየቀዳን ነው።