«የመጨረሻና አሳሪ» ብዬ ያሰመርኩ ቀን

2010 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ደሴ፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲቪክስ አስተምር ነበር። መንግሥት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱን ለመቋጨት የተፈረመውን የአልጀርስ ስምምነት ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ ካለ ገና ሁለት ሦስት ቀኑ ነው፤ ፒያሳ በለው፣ ባጃጅ ውስጥ በለው፣ ወሬው ሁሉ ጦርነት የተነሳባት የድንበር ከተማ ባድመ። እኔም ሞቅ አለኝና የያዝኩትን ምዕራፍ ትቼ የድንበር ግጭት ላስተምር ገባሁ።

መረጃው ልክ ነበር። የ1900፣ የ1902 እና የ1908 የድንበር ውሎች፣ የሁለት ዓመቱ ጦርነት፣ በታኅሣሥ 2000 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት፣ ከዚያ በሚያዝያ 2002 የድንበር ኮሚሽኑ ዘ ሄግ ላይ የሰጠው ውሳኔ (እነዚህና ቀጥሎ የሚመጡት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)። «ባድመ ለኤርትራ ተወሰነ። ውሳኔው የመጨረሻና አሳሪ ነው» ብዬ ሁለቴ አሰመርኩበት፣ ፈተና ላይ የሚመጣ ይመስል። ከኋላ አንድ ልጅ ደብተሩን ዘግቶ ሳያስፈቅድ ወጣ። እኔ ደግሞ «ሥርዓት ያዝ!» ብዬ ጮኽኩበት።

ስታፍ ገብቼ ጂኦግራፊ ለሚያስተምሩት፣ ጡረታቸው ለደረሰው ጋሼ እየተበሳጨሁ ነገርኳቸው።

«አባቱ እኮ ከዚያ ግንባር አልተመለሰም» አሉኝ። «ልጁ ያኔ ጡት አልጣለም ነበር።»

አፈርኩ። እሳቸው ግን አልለቀቁኝም። «እኛ ወሎዎች ደም ስናደርቅ አባጋሮቹ፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹ፣ ጥፋተኛው እገሌ ነው ብለው ብቻ ይነሳሉ እንዴ? ሐዘን የገባበትን ቤት ሳያዩ?»

ማታ ሌላ የድንበር ፍርድ እንዴት እንደተፈጸመ ለማየት፣ ናይጄሪያና ካሜሩን ስለተጣሉበት ባካሲ ስለሚባል ልሳነ ምድር ማንበብ ያዝኩ። በዚያው በ2002፣ ጥቅምት ላይ፣ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ባካሲን ለካሜሩን ወሰነ። ናይጄሪያም መጀመሪያ አልተቀበለችም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን ግን ፍርዱ ወጥቷል ብለው እጃቸውን አልሰበሰቡም፤ ሁለቱን ፕሬዚዳንቶች አገናኙ፣ የጋራ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ2006 ኒው ዮርክ አካባቢ ግሪንትሪ በሚባል ቦታ ሲፈራረሙ ወታደሩ በ60 ቀን እንዲወጣ ብቻ ሳይሆን እዚያ የሚኖሩ ናይጄሪያውያን በግድ እንዳይባረሩ፣ ዜግነታቸውን እንዲቀይሩ እንዳይገደዱም ተጻፈ። በ2008 ርክክቡ አለቀ። የእኛው ኮሚሽን ደግሞ በ2007 ምሰሶ መትከል አልሆንለት ብሎ ድንበሩን ወረቀት ላይ በነጥብ አስቀመጠው። የባካሲው አልጋ በአልጋ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ቀዬውን ጥሎ የወጣው ሕዝብ ብዙ ነው።

በማግስቱ ልጁን በር ላይ ጠበቅሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። «ችግር የለም ቲቸር» ብሎኝ አለፈ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ። ክፍል ገብቼ ስለ ባካሲ ሳወራ ግን እጁን አወጣ።

«ዓሣ አጥማጆቹስ? ጀልባቸውን ይዘው ነው የወጡት?»

ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ መልሱን ሳልጀምር ተደወለ። የሒሳብ አስተማሪው ገብቶ ዳስተር ሲያነሳ ልጁ «ቆይ ቲቸር፣ አልገለበጥኩትም» አለው።