ከ214,000 ኪሎ ሜትር በኋላ፦ አራት ቀን በትንሽ ኤስዩቪ

መኪናዋ 11 ዓመቷ ነው። ባለ 2.0 ሊትር ቤንዚን፣ ቱርቦ የላትም፣ ካምቢዮዋ ሲቪቲ (በደረጃ የተከፈለ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ)፣ የኋላ ጎማዎቿ ሲያስፈልግ ብቻ የሚያግዙ አራት በአራት። ጉዞው 1,640 ኪሎ ሜትር ነበር፦ አስፋልት፣ ተራራ፣ ፒስታ፣ ወንዝ፣ ከዚያ መልስ። ከተማ ውስጥ ድምጿን አጥፍታ የምትውል ያረጀች መኪና ጉዷን የምታወጣው ረጅም መንገድ ላይ ነው። እያንዳንዱ መንገድም የየራሱን ነው የሚያስለፈልፋት።

ከመነሳት በፊት ዘይት። ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተር አጥፍቶ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ወዲያው የተመዘዘ መለኪያ ይዋሻል፤ ዘይቱ ገና ከላይ እየወረደ ነውና። በብዙ ሞተሮች ከታችኛው ምልክት እስከ ላይኛው ያለው ልዩነት 1 ሊትር ገደማ ይሆናል። የእኔ ላይኛው ምልክት ላይ ነበር። ጎማ ሳይሞቅ 33 ፒኤስአይ፣ ስኮርታውም ጭምር፤ ስኮርታ ዓመቱን ሙሉ ሳይነፋ የሚቀመጥ ብቸኛው ጎማ ነው። 2 ሊትር ዘይትና 1 ሊትር ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ጫንኩ፣ ጣሪያው ላይ ምንም።

የመጀመሪያው ቀን ለስላሳ አስፋልት ነው። 60 ላይ አንድ ጉምጉምታ ጀመረ፣ 80 ላይ ጎላ፣ 100 ላይ ሬዲዮኑን ሸፈነው። የጎማ ጩኸት ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ጎማ ይቀይርለታል። መለያው ቀላል ነው፦ የጎማ ድምፅ አስፋልቱ ሲለወጥ ይለወጣል፣ የኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ክፍል) ድምፅ ግን ፍጥነትን እንጂ መንገድን አይከተልም። ሰፊ ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ቀኝ ስይዝ ባሰበት፣ ወደ ግራ ስይዝ ተወው። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ የሚያርፈው ግራ ጎማ ላይ ስለሆነ የታመመው የፊት ግራ ነው። እንዲህ በድምፅ ብቻ ያለ ኩሽኔታ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ይታገሳል፤ ጎማው በክሪክ ተነስቶ ከላይና ከታች ይዞ ሲነቀነቅ ልልነት ካሳየ ግን መንገዱ እዚያው ያበቃል። ሲቀየር አንድ ወጥመድ አለ፦ ብዙ ኩሽኔታዎች በአንድ ጎናቸው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) የሚያነበው የማግኔት ቀለበት አላቸው። ተገልብጦ የገባ ኩሽኔታ ያለችግር ይሽከረከራል፣ የኤቢኤስ መብራት ግን አይጠፋም።

ሁለተኛው ቀን ዳገት፣ 1,400 ሜትር ሽቅብ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል፤ ስለዚህ የሲቪቲ መኪና ሞተሩን 4,500 ዙር ላይ ሰቅላ ታላዝናለች። ድምፁ ያስጨንቃል እንጂ ብልሽት አይደለም። የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። በሲቪቲ ውስጥ የብረት ቺንጋ በሁለት ፑሌጃ ተጨምቆ ይሠራል፤ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲያረጅ መያዙ ይላላል፣ ቺንጋው ፑሌጃውን ይፍቃል፣ የተፋቀው ብረት ዘይቱን መልሶ ያበላሻል። መጀመሪያ የሚታወቀው ከቆመበት ሲነሳ በሚሰማ ትንሽ መንቀጥቀጥ ነው።

«የዕድሜ ልክ ዘይት» የሚለውን ነገር አላምንም፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ አይነግሩንም። በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ነው የምቀይረው። በቡሎኑ ሲፈስ የሚወጣው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፣ ቀሪው ኮንቨርተሩና (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፈው) ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ የተረሳ ካምቢዮ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማፍሰስና መሙላት ይፈልጋል። የወጣው በማሰሮ ይለካል፣ የገባውም ያው ልክ ይሁን። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ሲቪቲ ውስጥ መጨመር ካምቢዮውን መግደል ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን «ኤል» (ዝቅተኛው) ላይ አድርጎ ሞተሩ እንዲይዝ መተው ነው። እግር ፍሬን ላይ ካረፈ የፍሬኑ ፈሳሽ ይግላል። ዶት 3 የሚባለው ፈሳሽ አዲስ ሳለ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ያኔ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው ለዚህ ነው። ታች ስደርስ የእጄን ጀርባ ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጋሁ። የኋላ ቀኙ ከሌሎቹ ይበልጥ ይፋጅ ነበር። የፍሬን ሸራው ገና ወፍራም ነው፤ የደረቀው ሸራውን የሚጨምቀው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ፒን ነው። ፒኑ ሲይዝ የውስጠኛው ሸራ ብቻውን ያልቃል፤ ከውጭ የሚያየው ሰው ግን «ሸራህ ደህና ነው» ይላል።

እዚያው ቁልቁለት መጨረሻ ላይ ቤንዚን ስሰጣት በመስታወቱ ሰማያዊ ጭስ አየሁ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል። ሞተር ሲይዝ ሲሊንደሩ በኃይል ይስባል፤ የቫልቭ ላስቲኮቹ ካረጁ ወይም የፒስተን ቀለበቶቹ በካርቦን ከታፈኑ ዘይት አብሮ ይገባና በኋላ ይነዳል። ቀለበቶቹን የሚያፍነው ብዙ ጊዜ በጊዜው ያልተቀየረ ዘይት ነው።

ሦስተኛው ቀን ፒስታ። ጎማውን ወደ 28 አወረድኩ፣ ፍጥነት ከ60 በታች። በየትንሿ ጉድጓድ ከፊት ኳኳ የሚል ቀጭን የብረት ድምፅ መጣ። ሾክ አብዞርበር ነው ብሎ ሁለቱንም የሚያስቀይር ብዙ ነው። በዝግታ በትንሽ ጉብታ ላይ የሚንኳኳ፣ ትልቅ ጉድጓድ ላይ ግን ዝም የሚል ከሆነ ባላንስ ባሩን (መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዛትን) የሚያያይዘው አጭር ዘንግ ነው፤ በእጅ ተይዞ ሲወዘወዝ ራሱ ይናገራል። የሾኩን ጤንነት የሚነግር ሌላ ዘዴ አለ። 20 ኪሎ ሜትር ከተንቀጠቀጡ በኋላ ወርዶ አራቱንም መዳሰስ፦ የሚሠራ ሾክ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ይሞቃል፣ የሞተው ቀዝቃዛ ነው።

አሸዋው ላይ የአራት በአራቱ መብራት በራ። እንዲህ ዓይነት መኪና ከፍ ያለ የቤት መኪና ናት እንጂ ጂፕ አይደለችም፤ ጉልበቱን ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ከዲፈረንሻሉ ፊት ያለ ትንሽ የፍሪሲዮን ጥቅል ነው። ሲግል ራሱን ለማዳን ይለቅቃል፣ መኪናዋ የፊት ጎማ ብቻ ትሆናለች። ሞተሩን ሳላጠፋ 15 ደቂቃ ቆምኩ፣ መብራቱ ጠፋ። ይህን ጥቅል በየቀኑ በዝምታ የሚበላው ግን አሸዋ አይደለም፤ እኩል ያልሆነ ጎማ ነው። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቀ ከኋላ ሲሆን ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ፍሪሲዮኑ ሲፋተግ ይውላል።

ወንዙ ከቸርኬው መሐል በታች ነበር። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይጨማደድና በፓራውልዮው (ዘይት እንዳይወጣ በሚይዘው ላስቲክ) በኩል ውሃ ይስባል፤ ከመሻገሬ በፊት ግማሽ ሰዓት አቀዘቀዝኩት። ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ጠዋት የሹፌሩ ምንጣፍ ረጥቧል። የጣሪያው መስኮት ላስቲክ ደህና ነው፤ የተደፈነው በየማዕዘኑ ያለው የውሃ መውረጃ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ለስላሳ ናይለን ክር በቀስታ ሲገባ ይከፈታል።

አራተኛው ቀን መልስ። ጎማው ተመልሶ 33፣ ቤንዚን በአማካይ 9 ሊትር በ100፣ ዘይት 0.6 ሊትር ጨመርኩ። ብዙ ፋብሪካዎች እስከ 1 ሊትር በ1,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን «ጤናማ» ይሉታል፤ ለእነሱ ነው የሚመቸው። እኔ በየሁለተኛው ነዳጅ ሙሌት መለካቱን እመርጣለሁ።

ጋራዥ ገብታ ከተሰቀለች በኋላ የተሠራው ይኸው ነው፦ አንድ ኩሽኔታ፣ ሁለት የባላንስ ዘንግ፣ የኋላ ካሊፐር ፒኖች ተጠርገው በሲሊኮን ግሪስ ተቀቡ። መጨረሻ የኋላ ዲፈረንሻሉ ዘይት። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው ቡሎን ነው፤ እሱ እንቢ ካለና ከታች ቀድሞ ከፈሰሰ መኪናዋ ያለ ዘይት እዚያው ትቀራለች። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ወተት መሳይ ስላልሆነ ውሃ አልገባም። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ብናኝ ነበር፤ በጣት ሲታሽ የሚወጋ ነገር የለውም፣ የተሰበረ ጥርስ የለም ማለት ነው።