ኦቨኑ 200 ሲል ቸርኬው ስንት ነው?

የኮሮላዬን አራት ቸርኬዎች ተረጭቶ ኦቨን ውስጥ በሚጋገር የዱቄት ቀለም መቀባቱን ዛሬ ጨረስኩ። ጥቁር፣ ልሙጥ፣ አንድም አረፋ የለባቸውም። ሚስቴ አየቻቸውና «ለዚህ ነው ሦስት ወር?» አለች። አዎ፣ ለዚህ ነው።

ጎሚስታ ጋ ማስፈታቱን፣ ሳንድብላስት ማስደረጉን (አሮጌውን ቀለም በአሸዋ ርጭት ማስላጡን)፣ በአሴቶን ማጽዳቱን ታውቁታላችሁ። ዱቄቱን መርጨትም በሁለት ቀን ለመድኩት። ያቃጠለኝ ሙቀቱ ነው።

የዱቄቱ ካርቶን ላይ «200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ» ይላል። ከዳቦ ቤት የገዛሁትን አሮጌ ኦቨን 200 ላይ አድርጌ 10 ደቂቃ ቆጠርኩ። ሲወጣ ያምራል። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ሳሽበት ግን ጥጡ ጠቆረ፤ ቀለሙ አልበሰለም ማለት ነው። ለካ 200 የተባለው የአየሩ ሳይሆን የብረቱ ሙቀት ኖሯል! ቸርኬ መሀሉ ወፍራም ነው። የእኔ ኦቨን 200 ካለ በኋላ መሀሉ እዚያ ለመድረስ 25 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። አሥሩ ደቂቃ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።

በርቀት የሚለካውን ቴርሞሜትር በባዶ አሉሚኒየም ላይ አትመኑት። የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ በጣም አሳንሶ ያነባል። እኔ መልቲሜትር ላይ የሚሰካ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ገዝቼ ከወፍራሙ ቦታ ጋር አስራለሁ። ከመርጫው ሽጉጥ ይልቅ የምወደው ይህን ሽቦ ነው።

ቀጥሎ አረፋው መጣ። ተቀልጦ የተሠራ አሉሚኒየም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። እዚያ የተደበቀው አየርና ዘይት ሲሞቅ ቀለሙን ሰንጥቆ ይወጣል። መፍትሔው ዱቄቱን ከመርጨት በፊት ባዶውን ቸርኬ ቀለሙ ከሚጋገርበት ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት፣ 210 አካባቢ፣ ማቆየት ነው።

እኔ ግን ይህን ከማወቄ በፊት በንዴት አንዱን ቸርኬ በ250 ዲግሪ ሦስት ጊዜ ጋግሬዋለሁ። ብዙ የአሉሚኒየም ቸርኬ ጥንካሬውን የሚያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በ540 ዲግሪ አካባቢ ሞቆ፣ በድንገት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ በ150ዎቹ ዲግሪ ለሰዓታት ቆይቶ ነው። ከዚያ በላይ እየደጋገሙ ማሞቅ ያላላዋል። አንድ በልክ የተጋገረ ዙር እምብዛም አያስፈራኝም። የእኔው ግን አስፈራኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ምትክ ገዛሁ።

ደግሞ የዳዶ መቀመጫውን ሙቀት በሚችል ፕላስተር ሸፍኑ። ቀለም እዚያ ከገባ ዳዶው ይላላል። እኔ አንዱን ረስቼ ግማሽ ቀን ስፍቅ ዋልኩ።

ያ የተቃጠለው ቸርኬ አሁን በረንዳ ላይ አበባ ይዟል። ከሁሉም ቀለሙ የሚያምረው እሱ ነው።