ውኃው ለፈረሱ

የሞጆ ፀሐይ ዛሬ አናት ትበሳ ነበር። ገበያው አጠገብ ስንደርስ ባለጋሪው ሂሳቡን እንኳ ሳይቀበል ፈረሱን ፈትቶ ጥላ ሥር አቆመው። የእንስሳው ጎን ይርገበገባል፤ ደረቱ ላይ ላቡ ነጭ አረፋ ሠርቷል። ባለጋሪው ልጅ ውኃ በጣሳ እየቀዳ የፈረሱ አንገት፣ ደረቱና እግሮቹ መሐል ያፈስሰው ጀመር።

አንድ አዛውንት ተቆጡ፦ «አንተ ልጅ፣ ላቡ ሳይደርቅ ውኃ? ምች ይመታዋል!»

«አባባ፣ የመታችውስ ፀሐይዋ ናት» አለና ማፍሰሱን ቀጠለ።

ልጁ ትክክል ነው። የፈረስ ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በሥራና በፀሐይ ከዚያ በላይ ሲያሻቅብ ፈጥኖ የሚያወርደው በላይ በላዩ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። እርጥብ ጨርቅ ጥሎበት መሄድ ግን ሙቀቱን ማፈን ነው። መጠጡንም መከልከል አያስፈልግም። ደግሞ የፈረስ ላብ ጨው ይዞ ስለሚወጣ መኖው ላይ ትንሽ ጨው መነስነስ ደግ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀብኝ፤ ከጋሪው ሥር የጨው ከረጢት አውጥቶ አሳየኝ። ለካ እኔ ለመምህሩ ነበር የማስተምረው!

የፈረሱ ትንፋሽ እስኪረጋጋ ሌላ ተሳፋሪ አልጫነም። ሁለት ሴቶች እየተነጫነጩ ባጃጅ ያዙ።